«ምን አለ?» - በሰራውንድ ሳውንድ ስርጭት ንግግር እንዳይዋጥ

በቴሌቪዥን ዙሪያ በተሰበሰበ ቤተሰብ መካከል ደጋግመው ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ «ምን አለ?» የሚለው ነው። ሙዚቃው ደመቅ ሲል ወይም የስታዲየሙ ሕዝብ ሲጮኽ የተናጋሪው ቃል ያመልጣል። ከቤቱ ሰው አንዱ ሪሞቱን ያነሣና ድምፁን ይጨምራል። ወዲያው ፍንዳታ ወይም ማስታወቂያ ይመጣና ቤቱን ያናውጠዋል። ድምፁ ይቀነሳል። የሚቀጥለው ንግግር ደግሞ አይሰማም። እንዲህ ሲጨመርና ሲቀነስ ፕሮግራሙ ያልቃል።

ብዙ ሰው ይህ ሲገጥመው በጆሮው ወይም በቴሌቪዥኑ ያመካኛል። እኔ በአሜሪካ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በድምፅ ቴክኒሻንነት በሠራሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ከባለሙያዎቹ እንደሚጀምር ነው። ይህንንም የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቴ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ በመጡበት ወቅት እኔ ድምፁን የቀላቀልኩት የእግር ኳስ ጨዋታ ይተላለፍ ነበር። በመቆጣጠሪያ ክፍላችን አምስት ስፒከሮችና አንድ ሰብ ዉፈር አሉ። የሕዝቡ ጩኸት ከጎንና ከኋላ ይከብባል፤ የኮሜንታተሩ ድምፅ ከመሐል ጥርት ብሎ ይወጣል። በሥራዬ ኮርቼ ወደ ቤት ገባሁ። «አባባ፣ ጨዋታው እንዴት ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው «ሕዝቡን በደንብ ሰማሁት። ሰውየው የሚለውን ግን አልሰማሁም» አሉኝ። የተቀዳውን ጨዋታ በዚያው በቤታችን ቴሌቪዥን መልሼ ከፈትኩት። እውነታቸውን ነበር።

በዚያች ምሽት የተፈጠረውን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ያገኘሁትን መልስ ለሙያ ባልደረቦቼም ሆነ ነገሩ ለሚያሳስባቸው ተመልካቾች እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሰራውንድ ሳውንድ ሲባል

በቴሌቪዥን ስርጭት በብዛት የሚታወቀው ሰራውንድ ሳውንድ 5.1 የሚባለው ነው። አምስቱ ሙሉ ቻናሎች የፊት ግራ፣ የመሐል፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ ናቸው። ነጥብ አንዷ ደግሞ እስከ 120 ኸርዝ ድረስ ለሚደርሱ በጣም ወፍራም ድምፆች ብቻ የተመደበች ቻናል ናት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙዩኒኬሽን ኅብረት ቢ ኤስ 775 በተሰኘው ምክረ ሐሳቡ የግራና የቀኝ ስፒከሮች ከመሐል በ30 ዲግሪ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ክልል እንዲቀመጡ ይመክራል።

በዚህ አደራደር ንግግር የሚቀመጠው በአብዛኛው በመሐል ቻናል ነው። ሙዚቃ፣ ጩኸትና የአካባቢ ድምፅ በቀሩት ቻናሎች ይከፋፈላል። የሰው ጆሮ ድምፅን በአቅጣጫ የመለየት ተሰጥኦ ስላለው፣ ንግግሩ ከፊት ጩኸቱ ከጎን ሲመጣ ሁለቱ መጠናቸው እኩል ቢሆን እንኳ ንግግሩን ነጥሎ ይሰማል። በሰርግ ቤት ግርግር መሐል ፊት ለፊታችን የተቀመጠውን ሰው የምንሰማው በዚሁ ተሰጥኦ ነው።

ስድስቱ ቻናል ሁለት ሲሆን

ችግሩ የሚጀምረው አብዛኛው ተመልካች ስድስት ስፒከር የሌለው በመሆኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ወይም ዲኮደሩ የተላኩለትን ቻናሎች ወደ ሁለት ይጨምቃል። የተለመደው ቀመር የመሐሉን ቻናል 3 ዴሲቤል ቀንሶ ለግራም ለቀኝም ማካፈል፣ የኋላዎቹንም 3 ዴሲቤል ቀንሶ በየጎናቸው መጨመር ነው። ነጥብ አንዷ ቻናል ብዙውን ጊዜ ትጣላለች።

አንድ ስሌት እንሥራ። ንግግሩ በመሐል ቻናል በ24 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ነው እንበል። የሕዝቡ ጩኸት በአራቱ የቀሩት ቻናሎች በእያንዳንዳቸው በ30 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ነው። አራቱ ጩኸቶች ሲደመሩ 24 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ይሆናሉ፤ ስለዚህ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ንግግሩና ጩኸቱ እኩል ናቸው ማለት ነው። ወደ ሁለት ቻናል ሲጨመቅ በእያንዳንዱ ስፒከር ንግግሩ 27፣ ጩኸቱ ደግሞ 28.2 ዴሲቤል ገደማ ከዜሮ በታች ይሆናሉ።

በቁጥር ብቻ ከተመለከትነው ንግግሩ በ1 ዴሲቤል ተሻለ እንጂ አልተጎዳም። እኔም ይህን ስሌት መጀመሪያ ስሠራ አባቴ ተሳስተዋል ብዬ ነበር። የጠፋው ግን መጠን ሳይሆን አቅጣጫ ነው። በፊት ከጎንና ከኋላ ይመጣ የነበረው ጩኸት አሁን ንግግሩ ከሚወጣበት ከዚያው ስፒከር ይወጣል። ጆሮ የሚለይበት መንገድ ተዘጋበት።

በዚህ ላይ ሌላ ጉዳት ይታከላል። አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት ስፒከሮች ሲወጣ የግራው ስፒከር ድምፅ ለቀኝ ጆሮ፣ የቀኙም ለግራ ጆሮ ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል። ይህ መዘግየት በ2 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ድምፁን ያጎድላል። 2 ኪሎ ኸርዝ ደግሞ፣ ቀጥለን እንደምናየው፣ ንግግር ሊጎድልበት የማይገባ ቦታ ነው።

ቃል የሚኖርበት ቦታ

የአዋቂ ሰው ድምፅ መሠረት ከ85 እስከ 255 ኸርዝ ባለው አካባቢ ይገኛል፤ ዝቅተኛው የወንዶች ከፍተኛው የሴቶች ነው። የድምፅ ጉልበት በአብዛኛው ያለው በዚህና እስከ 500 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። ትርጉም የሚሸከሙት ተነባቢዎች ግን ከዚያ በላይ ናቸው። ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለው ክልል ለመረዳት ወሳኝ ሲሆን፣ እንደ ሰ ያሉ ፉጨት ያላቸው ድምፆች ከ4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ይዘልቃሉ። በአጭሩ የንግግር ጉልበቱ ታች፣ ትርጉሙ ላይ ነው። ወፍራም ጩኸት ደግሞ ከሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች የመሸፈን ጠባይ አለው።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ይህ በምሳሌ ይገባናል። አንድ ዜና አንባቢ ስለ አንድ ታዋቂ ሰው «ተከበረ» ቢልና ተመልካቹ «ተቀበረ» ብሎ ቢሰማ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የከ እና የቀ ድምፅ ብቻ ነው። ያችን ልዩነት የያዘችው እጅግ አጭር የሆነች ፍንዳታና ከእርሷ ጋር ያለች ቅጽበታዊ ዝምታ ናት። እንዲሁም «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። «ይበላል» ላልቶ በልተኛውን፣ ጠብቆ ምግቡን ያመለክታል። መጥበቅና መላላትን የምንለየው ተነባቢው በሚቆይበት ጊዜ ርዝመት ነው። ቃሉን ጩኸት ሲሸፍነው፣ ወይም ከዚህ በታች እንደምገልጸው በደንብ ያልተስተካከለ መሣሪያ ዝምታዎቹን በጩኸት ሲሞላቸው፣ የሚጠፋው ውበት ብቻ አይደለም። ትርጉም ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት የመስማት ችግራቸው ሕክምናና ድጋፍ የሚያስፈልገው ሰዎች 430 ሚሊዮን ያህል ናቸው። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመስማት መቀነስ ደግሞ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች፣ ማለትም ከተነባቢዎቹ ክልል ነው። ቴሌቪዥን ከዘመድ ቀጥሎ ጓደኛቸው የሆነላቸው አረጋውያን መጀመሪያ ተጎጂ ናቸው።

ተራው ኮምፕረሰር ለምን አይበቃም?

ኮምፕረሰር ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጫን፣ በዚህም በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብ መሣሪያ ነው። አራት ዋና ዋና ማስተካከያዎች አሉት። እነሱም መጫን የሚጀምርበት ደረጃ፣ የሚጫንበት ምጣኔ፣ ለመያዝ የሚወስድበት ጊዜና ለመልቀቅ የሚወስድበት ጊዜ ናቸው።

ለምሳሌ መነሻ ደረጃው 20 ዴሲቤል ከዜሮ በታች፣ ምጣኔው 4 ለ 1 ይሁን። የስታዲየም ከበሮ በ8 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ቢመታ ከመነሻው በ12 ዴሲቤል አልፏል ማለት ነው። መሣሪያው ከአሥራ ሁለቱ 3 ብቻ ያሳልፋል፤ 9 ዴሲቤል ይቀንሳል።

ተራው ኮምፕረሰር ግን ከበሮውን ለይቶ አያውቅም። ሁሉንም ድምፅ በአንድ እጅ ስለሚይዝ ከበሮው በተመታ ቁጥር ንግግሩም አብሮ 9 ዴሲቤል ይወርዳል። 10 ዴሲቤል መውረድ ለጆሮ በግማሽ እንደቀነሰ ሆኖ ስለሚሰማ ጉዳቱ ከባድ ነው። ከበሮው ሲያበቃ ድምፁ ተመልሶ ያብጣል። ባለሙያዎች «ፓምፕ ያደርጋል» የሚሉት ይህንን ነው። በብዙ ዲኮደሮች ላይ የሚገኘውና ለሌሊት ተብሎ የተዘጋጀው የድምፅ ማስተካከያም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ስለሚሠራ ጎረቤትን ከፍንዳታ ያድናል እንጂ ቃልን ከጩኸት አይለይም።

ባለ ብዙ ባንድ ኮምፕረሰር

ባለ ብዙ ባንድ ኮምፕረሰር ድምፁን አስቀድሞ በድግግሞሽ ይከፋፍለዋል። ወፍራሙ፣ መካከለኛውና ቀጭኑ እየራሳቸው ባንድ ይኖራቸዋል፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ኮምፕረሰር ይመደብለታል። በመጨረሻም መልሰው ይደመራሉ። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ ከበሮው የሚጫነው በታችኛው ባንድ ብቻ ነው። ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለው የንግግር ክልል ሳይነካ ያልፋል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች ድምፅን በባንድ ከፋፍሎ መጫን በ1970ዎቹ ተስፋፍቷል። ኦርባን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ኦፕቲሞድ የስርጭት ድምፅ ማቀነባበሪያ እስከ ዛሬ በሬዲዮ ሰዎች ዘንድ ስሙ ይጠራል። ነገር ግን ጣቢያዎች መሣሪያዎቹን በዋናነት የተጠቀሙባቸው ከጎረቤት ጣቢያ በልጦ ለመጮኽ ስለነበር ባለ ብዙ ባንድ ኮምፕረሰር በሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ መጥፎ ስም አትርፏል። ቢላዋው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚቆርጠው ሰው ነው።

በሰራውንድ ላይ እንዴት ይሠራል?

የሬዲዮው ዘዴ እንዳለ ወደ 5.1 ሲወሰድ ችግር ይፈጥራል። ስድስት ቻናሎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቢጫኑ በግራ ያለ ድምፅ ሲወርድ የቀኙ ስለማይወርድ ስታዲየሙ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ይመስላል። ሁሉም በአንድነት ቢታሰሩ ደግሞ የኋላው ጩኸት መሐል ያለውን ንግግር ይጫነዋል። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ ያስፈልጋል። እኔ ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረስኩበት አሠራር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የፊት ግራና ቀኝ እርስ በርሳቸው፣ የኋላ ግራና ቀኝም እርስ በርሳቸው በየባንዱ ይታሰራሉ። የመሐል ቻናል ለብቻው ይቆማል። ነጥብ አንዷ ቻናል ሌሎቹን የመቆጣጠር ሥልጣን አይሰጣትም፤ አለበለዚያ አንድ ፍንዳታ ሁሉንም ይጎትታል።

ሁለተኛ፣ በመሐል ቻናል ላይ የሚደረገው መጫን ቀላል መሆን አለበት። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምነሣው ከ2 ለ 1 ምጣኔ ሲሆን፣ በየትኛውም ባንድ ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል በላይ እንዳይቀንስ እጠነቀቃለሁ። ባንዶቹን በ150፣ በ800 እና በ4,000 ኸርዝ አካባቢ እከፍላቸዋለሁ። የታችኛው ባንድ ኮሜንታተሩ ወደ ማይክሮፎኑ ሲጠጋ የሚመጣውን እብጠት ይይዛል። የላይኛው ደግሞ የሰ ፉጨት ጆሮ እንዳይወጋ ይጠብቃል። የመልቀቂያ ጊዜው ለመካከለኞቹ ባንዶች ከ150 እስከ 300 ሚሊሴኮንድ ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ንግግሩን ከማጮኽ ይልቅ ለንግግሩ ቦታ መልቀቅ ነው። ይህ የሚሠራው በባለሙያዎች አጠራር ሳይድ ቼን በሚባለው መንገድ ነው። መሣሪያው የሚያዳምጠው የመሐሉን ቻናል ሆኖ የሚጫነው የቀሩትን አራቱን ነው። ኮሜንታተሩ ሲናገር በአራቱ ቻናሎች ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለው ባንድ ብቻ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ዝም ሲል ይመለሳል። የሕዝቡ ግርማ ያለው በወፍራሙ ድምፅ፣ የሜዳው ስፋት የሚሰማው ደግሞ በቀጭኑ በመሆኑ ሁለቱም ሳይነኩ ይቆያሉ። ተመልካቹ አንድ ነገር ዝቅ እንዳለ አያስተውልም። ቃሉ ግን ይሰማዋል። ሰዎች በተጨናነቀ ወንበር ላይ ጥቂት ጠጋ ጠጋ ብለው ለእንግዳ ቦታ እንደሚለቁት ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሁሉም ቻናሎች በመሣሪያው ውስጥ እኩል ጊዜ መቆየት አለባቸው። የኮሜንታተሩ ድምፅ በጥቂቱም ቢሆን በግራና በቀኝ ቻናል ውስጥ ካለና የመሐሉ ቻናል በ1 ሚሊሴኮንድ ቢዘገይ፣ ወደ ሁለት ቻናል ሲጨመቅ በ500፣ በ1,500፣ በ2,500 ኸርዝና እንዲያ እያለ ንግግሩ ይጎድላል። በቧንቧ ውስጥ የሚናገር ሰው ይመስላል። ይህን ስህተት አንድ ጊዜ ሠርቼው ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

አምስተኛ፣ መሣሪያው የሚፈጥረው አጠቃላይ መዘግየት ከምስሉ ጋር መስተካከል አለበት። በዓለም አቀፉ ኅብረት ቢ ቲ 1359 ምክረ ሐሳብ መሠረት ተመልካች ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊሴኮንድ ሲቀድም ወይም በ125 ሚሊሴኮንድ ሲዘገይ ማስተዋል ይጀምራል። ከንፈርና ድምፅ ሲለያዩ መረዳትም ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ሁላችንም ሳናውቀው ከንፈር እናነባለን።

ከመጠን ሲያልፍ

ብዙ ባንድ ማለት ብዙ የመሳሳቻ መንገድ ማለት ነው። የመልቀቂያ ጊዜው በጣም ሲያጥር መሣሪያው በቃላት መካከል ያለችውን ትንሽ ዝምታ እየጠበቀ ከጀርባ ያለውን ጩኸት ከፍ ያደርጋል። ቀደም ሲል ያነሣናት የቀ እና የከ መለያ ዝምታ በዚህ ጊዜ ትሞላለች። የጠበቀው ላልቶ፣ የላላው ደግሞ ተምታቶ ይሰማል። ባንዶቹ ሁሉ ከልክ በላይ ሲጫኑ የሰውየው የድምፅ መልክ ይጠፋል፤ ሁሉም ተናጋሪ አንድ ይመስላል። ያለ እረፍት እኩል ሆኖ የሚጮኽ ድምፅም ጆሮን ስለሚያደክም ተመልካቹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምክንያቱን ሳያውቅ ቻናል ይቀይራል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ነገር ማይክሮፎን ነው። የሕዝቡ ጩኸት በኮሜንታተሩ ማይክሮፎን ውስጥ ከገባ በኋላ የትኛውም ኮምፕረሰር ሊያወጣው አይችልም። እንዲያውም ንግግሩን ከፍ ባደረገ ቁጥር ጩኸቱንም አብሮ ከፍ ያደርገዋል። ከአፍ አጠገብ የሚቀመጥ ማይክሮፎን ከማንኛውም ውድ ማቀነባበሪያ ይበልጣል።

ስለ መጠን የወጣው ደንብ

የድምፅ መጠን ነገር መፍትሔ ያገኘ የሚመስላቸው አሉ። በእርግጥም ብዙ ተሠርቷል። ዓለም አቀፉ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ቢ ኤስ 1770 የተባለውን የመጠን መለኪያ ዘዴ አወጣ። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት በ2010 አር 128 በተሰኘው ምክሩ የፕሮግራሞችን አማካይ መጠን 23 ኤልዩኤፍኤስ ከዜሮ በታች አደረገው። በአሜሪካ ደግሞ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮኽ የሚከለክለው ሕግ በታኅሣሥ 2010 ተፈርሞ ከታኅሣሥ 13 ቀን 2012 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መለኪያውም 24 ኤልኬኤፍኤስ ከዜሮ በታች ነው።

እነዚህ ደንቦች ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚደረገውን ዝላይ አስተካክለዋል። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ በንግግርና በጩኸት መካከል ያለውን ሚዛን ግን አይዳኙም። አማካዩ ልክ የሆነ፣ ደንቡን ሙሉ በሙሉ ያከበረ፣ ነገር ግን አንድ ቃል የማይሰማበት ፕሮግራም መሥራት ይቻላል። አባቴ የተመለከቱት ጨዋታ መለኪያውን ያለ አንዳች ጉድለት ያለፈ ነበር።

መሣሪያ የማይፈታው

እ.ኤ.አ. በ2011 «ወንደርስ ኦፍ ዘ ዩኒቨርስ» የተባለው የቢቢሲ ተከታታይ ሲጀምር ተመልካቾች የጀርባ ሙዚቃው የአቅራቢውን ንግግር ሸፈነብን ብለው ቅሬታ አቀረቡ። ቢቢሲም የሙዚቃውን መጠን አስተካክሎ ድምፁን እንደገና ቀላቀለ። እዚህ ላይ ችግሩ የሚዛን ስለነበር በሚዛን ተፈታ።

በሚያዝያ 2014 የቀረበው «ጃማይካ ኢን» የተባለ ድራማ ግን ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ከ2,000 በላይ ቅሬታ ቀርቦበታል። የብዙዎቹ አቤቱታ ተዋንያኑ ቃላቸውን እያጉረመረሙ ይናገራሉ የሚል ነበር። ከተናጋሪው አፍ በትክክል ያልወጣ ተነባቢ በየትኛውም ባንድ ውስጥ የለም። የሌለውን ደግሞ ከፍ ማድረግ አይቻልም። ንግግርን የማሰማት ኃላፊነት የሚጀምረው ከተዋናዩና ከዳይሬክተሩ ነው፤ እኛ ቴክኒሻኖች የመጨረሻዎቹ እንጂ ብቸኞቹ አይደለንም።

ይህ ለአገራችን ድራማና ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎችም ይሠራል። ስርጭቱ በሁለት ቻናል ብቻ ቢሆንም በሙዚቃው ላይ ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ባንድ በንግግሩ ሰዓት ጥቂት መጫን ተራ ኮምፒዩተር ላይ ባለ ፕሮግራም ሊሠራ የሚችል ነው። ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሙዚቃውን የሚወደው ቀላቃይ ለቃሉ ቅድሚያ እንዲሰጥ ብቻ ነው።

ተመልካቹ ምን ያድርግ?

ቤት ያለ ሰው ማድረግ የሚችለው ጥቂት ነገር አለ። ቴሌቪዥኑ ሁለት ስፒከር ብቻ ካለው የዲኮደሩን የድምፅ ማውጫ ከሰራውንድ ወደ ስቴሪዮ መቀየር ጭመቃው በአግባቡ መካሄዱን ያረጋግጣል። ሙሉ የሰራውንድ ስፒከር ያለው ደግሞ የመሐሉን ስፒከር 2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ ቢያደርገው ንግግሩ ብቻ ይጨምራል። ብዙ ቴሌቪዥኖች ለንግግር የተዘጋጀ ማስተካከያም አላቸው።

ወደፊት የተሻለ ተስፋ አለ። በ2011 ቢቢሲ ከጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ጋር በዊምብልደን ቴኒስ ስርጭት ላይ ባደረገው ሙከራ አድማጮች የኮሜንታተሩንና የሜዳውን ድምፅ ሚዛን ራሳቸው እንዲመርጡ ተደርጎ ነበር። ደቡብ ኮሪያ በ2017 በጀመረችው አዲስ የቴሌቪዥን ስርጭት የተጠቀመችበት ኤምፔግ ኤች የተባለ የድምፅ ሥርዓት ይህን ምርጫ ለተመልካች መስጠት የሚችል ነው። አማዞንም በ2023 በቪዲዮ አገልግሎቱ ላይ ንግግርን ከፍ የሚያደርግ ምርጫ ጨምሯል። ይህ ሁሉ በየቤቱ እስኪደርስ ግን ሚዛኑ ያለው በቀላቃዩ እጅ ነው።

ከዚያች ምሽት በኋላ በመቆጣጠሪያ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ርካሽ የሆኑ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች አስቀመጥኩ። ጨዋታ በሚተላለፍበት ጊዜ በየአሥር ደቂቃው ትልልቆቹን ዘግቼ በእነሱ አዳምጣለሁ። በእነሱ ካልተሰማ አልተሰማም ማለት ነው። በሌላ ሳምንት የተላለፈውን ጨዋታ አባቴ በዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ተመለከቱ። ስገባ ስለ ድምፁ አንድም ነገር አላነሡም። ኮሜንታተሩ ስለ በረኛው የሰጠው አስተያየት ትክክል አይደለም ብለው ይከራከሩኝ ጀመር። ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አልፈለግሁም።